ልጁ ስንት ደቂቃ ተጫወተ?

አንድ ወጣት ተጫዋች «አይረባም» ለመባል በእኛ በደጋፊዎች ዘንድ ስንት ደቂቃ ይበቃዋል? እኔ ባለሁባቸው የቴሌግራም ግሩፖች መልሱ የታወቀ ነው፤ አንድ ግማሽ። አንዳንዴ እሱም ይበዛል። ልጁ ተቀይሮ ይገባል፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ለተጋጣሚ ይሰጣል፣ ሁለተኛዋን ሳይነካ ፍርዱ ተጽፎ፣ ስቲከሩ ተልኮ፣ ሳቁ ተስቆ አልቋል።

የሚገርመው ያው ልጅ ከወር በፊት «የኛ ምባፔ» ነበር። አንድ ሰው የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀ፤ ልጁ ሁለት ተከላካይ አልፎ ሲሄድ አየን፤ «ይሄ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? አውሮፓ ነው ቦታው!» ተባባልን። ያኔም ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ የጠየቀ አልነበረም። ስናሞግሰውም ስናዋርደውም በቂ ሳናየው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ወጣት ተጫዋች በአንድ ብልጭታ አይለካም፤ በአንድ ስህተትም አይለካም። የሚለካው በተከታታይ በተጫወተው ደቂቃ ነው። ደቂቃ ያልተሰጠውን ልጅ «ኮከብ ነው» ማለትም፣ «አለቀለት» ማለትም ወሬ ነው። ይህ ወሬ ደግሞ በተለይ በእኛ አካባቢ ዋጋ ያስከፍላል።

የምጽፈው ከአዲሎ ነው፤ ከምባታ ዞን። በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት የራሳችን ክለብ ስለሌለን ልባችንን ለጎረቤት አከፋፍለናል። አንዱ ሀዲያ ሆሳዕናን፣ ነብሮቹን፣ ይደግፋል። ሌላው ፊቱን ወደ ሶዶ አዙሮ «የጦና ንቦች» ይላል። ቡናና ጊዮርጊስም ሰው አላቸው። እኔ የነብሮቹ ወገን ነኝ። ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ ግን ለዛሬው ጉዳይ ለውጥ አያመጣም፤ በችኮላ መፍረድ ላይ ሁላችንም አንድ ማሊያ ነው የለበስነው።

ለእንግሊዝ ሊግ ስንሆን እኮ ትዕግስተኞች ነን። የመሐመድ ሳላህን ታሪክ በየዲኤስቲቪ ቤቱ በቃሉ የማይናገር ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ቼልሲ ገባ፣ የመሰለፍ ዕድል አጣ፣ በውሰት ፊዮረንቲና ሄደ፣ ከዚያ ሮማ ሄደ፣ በ2017 ሊቨርፑል ሲመጣ በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ ብቻ 32 ግብ አገባ። ሃሪ ኬንም እንደዚሁ። ቶተንሃም ውስጥ ቦታውን ከማግኘቱ በፊት ሌይተን ኦሪየንት፣ ሚልዎል፣ ኖርዊችና ሌስተር በውሰት ተልኳል። አራት ክለብ! «ቼልሲ ሳላህን አላወቀበትም» እያልን እስከ ዛሬ እንስቃለን።

ታዲያ ያንን የምንስቀው ሰዎች ነን የራሳችንን ልጅ በ45 ደቂቃ የምናሰናብተው። የሆሳዕና ወይም የሶዶ ልጅ በውሰት ወደ ከፍተኛ ሊግ ተላከ ሲባል ግሩፑ ውስጥ የሚጻፈው «ቻው ቻው» ነው። ኬን ሲላክ «ልምድ ሊቀስም ነው»፣ የእኛው ሲላክ «ተጣለ»። ለምን?

የአገራችንን ምሳሌ እናንሳ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በ24 ግብ ለ20 ዓመት ገደማ ይዞት የቆየውን የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያን ጊዜ የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ነገር ግን 29ኙ ግብ ከሰማይ አልወረደም። ከዚያ በፊት በቡና ማሊያ ዓመታት አሳልፏል፤ ተቀይሮ ገብቷል፣ ስቷል፣ ተጎድቷል፣ እንደገና ተሰልፏል። ክለቡም ደጋፊውም በ18 ዓመቱ «በቃ» ብለውት ቢሆን ኖሮ የዮርዳኖስ ክብረ ወሰን ምናልባት ዛሬም በቦታው ነበር።

ቀጥሎ የሆነውንም አንርሳ። በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ፤ አገር በሙሉ ጨፈረ። ከዚያ ጉዳት መጣ፤ ደጋግሞም ከሜዳ አራቀው። ያን ጊዜ «ጠፋ»፣ «የአገር ውስጥ ጀግና ነው» የሚሉ አስተያየቶች ስልኬ ላይ ሲጎርፉ አይቻለሁ። ጉዳት የችሎታ ማነስ ነው እንዴ? ጉልበቱን የታመመ ሰው «ሩጫ አይችልም» ተብሎ ይፈረድበታል? ደቂቃ መቁጠር እዚህም ይጠቅማል። ያልተጫወተ ሰው ወርዷል አይባልም፤ አልተጫወተም ነው የሚባለው።

ለመሆኑ ለምን እንዲህ ቸኳይ ሆንን? አንዱ ምክንያት ተጫዋቾቻችንን በአካል አለማየታችን ይመስለኛል።

ሀዲያ ሆሳዕና ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ የገባው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2012 ሲመለስ ወሩ ሳይረዝም ኮሮና መጣና ሊጉ ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በ2013 ሲጀመር ደግሞ አሠራሩ ተቀየረ። ክለቦች በየሜዳቸው እየተመላለሱ መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መጫወት ጀመሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ሆሳዕና አልነበረችበትም። ጨዋታው ግን በሱፐርስፖርት መታየት ጀመረ።

ይህ የራሱ ጥቅም አለው፤ አልክድም። ድሮ በሬዲዮ የምንሰማውን ሊግ አሁን በስክሪን እናየዋለን። የጎደለውን ግን እናስተውል። ሜዳ ገብቶ የሚያይ ሰው ኳሱ ሌላ ጥግ ላይ እያለ ልጁ ምን እንደሚሠራ ያያል። ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ? ከጀርባው ያለውን ተከላካይ ያግዛል ወይ? ኳስ ሳይመጣለት ቦታ እየቀየረ ይጠይቃል ወይ? የአንድ ወጣት የወደፊት ዕጣ በአብዛኛው የሚታወቀው በነዚህ ነው። ካሜራ ግን የሚከተለው ኳሷን ነው። ቲክቶክ ደግሞ ከካሜራውም 15 ሰከንድ ብቻ ቆርጦ ነው የሚያሳየን። ሙሉ ሰው የምንፈርደው በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ተቀምጠን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቤቲንግ ነው። እዚህ ላይ እንዳትቆጡኝ፤ የምናውቀውን ነው የምናገረው። ትኬት የቆረጠ ሰው ጨዋታውን የሚያየው እንደ ደጋፊ አይደለም። አምስት ጨዋታ አገናኝቶ፣ አራቱ ገብተውለት፣ አምስተኛው በአንድ የ19 ዓመት ልጅ ስህተት ሲበላበት፣ ልጁ ለእሱ ተጫዋች መሆኑ ቀርቷል፤ ገንዘቡን የወሰደ ሌባ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ስድብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናቱን ሳይቀር። ልጁም እኮ ስልክ አለው፤ ያነበዋል።

ስለ ስድብ ካነሳን አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ያሳፍረኛልም። ኳስ የከበደውን ተጫዋች «ገበሬ» እንለዋለን። ተመልከቱ እስቲ፤ እንሰት ተክለው፣ ዝንጅብልና ቡና ሸጠው ያሳደጉን ወላጆች ያሉን የከምባታና የሀዲያ ልጆች፣ «ገበሬ» ብለን እንሳደባለን። ደግሞ እንሰትን ያህል የትዕግስት ትምህርት ቤት ደጃችን ላይ እያለ! እንሰት በተተከለ በዓመቱ ቆጮ ይወጣዋል እንዴ? ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየተዛወረ ተተክሎ ዓመታት ይጠበቃል። «ይሄ አልደረሰም» ብሎ በስድስት ወሩ የሚነቅለው ሰው ካለ እሱ ነው ገበሬ ያልሆነው።

አሁን ወደ ክለቦቹ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ሁሉ ደጋፊ ላይ መከመር ልክ አይሆንም። ብዙዎቹ ክለቦቻችን በከተማና በዞን አስተዳደሮች በጀት ነው የሚንቀሳቀሱት። ዘንድሮ ተጫዋች ይገዛሉ፣ ውሉ አጭር ነው፣ በሚቀጥለው ክረምት ግማሹ ቡድን ይበተናል፣ እንደገና ይገዛል። እንዲህ ባለ አሠራር የ18 ዓመት ልጅ ላይ ሦስት ዓመት ማፍሰስ ለማንም አይታየውም። ልጁ ሲጎለብት የሌላ ክለብ ይሆናላ! ስለዚህ የተዘጋጀ ተጫዋች መግዛት ይቀላቸዋል።

አሰልጣኙስ? እሱን ወደዚህ የሚገፋው ማን እንደሆነ እንመን። ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ «ይውጣ!» የምንለው እኛ ነን። ወንበሩ በየሳምንቱ የሚነቃነቅ አሰልጣኝ በየትኛው ጀግንነቱ ነው ያልተፈተነ ልጅ የሚያሰልፈው? የ30 ዓመቱን ልምድ ያለው ሰው ያሰልፋል፤ ቢሸነፍም «ምን ያድርግ» ይባልለታል። ልጁን አሰልፎ ቢሸነፍ ግን «ሕፃን አሰልፎ አስበላን» ነው። እንግዲህ «ለምን ለወጣቶች ዕድል አይሰጥም?» ብሎ የሚጮኸው ግሩፕና «ይሄን ልጅ ማን አስገባው?» የሚለው ግሩፕ አንድ ግሩፕ ነው።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። ሁላችንም የምናውቀው፣ ጮክ ብለን የማንናገረው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማየት የጀመረው በከንቱ አይደለም። በአንጓ አጥንት ላይ ያለው የእድገት መስመር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ባለቤቱ 17 ዓመት አልፎታል ተብሎ ይታሰባል። ዕድሜ መቀነስ ማጭበርበር ነው ብለን እናልፈዋለን እንጂ ማንን እንደሚጎዳ አናስብም። የሚጎዳው እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ነው። «ከ17 ዓመት በታች» ተብሎ ከ21 ዓመት ጎረምሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲጋጭ ይወድቃል። መልማዩ «ደካማ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም «አካል የለውም» እንላለን። አካሉ እኮ ገና እያደገ ነው! አንዳንዱ ልጅ በ14 ዓመቱ ይረዝማል፣ አንዳንዱ በ17። ዘግይቶ የሚያድገውን የሚጠብቀው ከሌለ ምርጡን ልጅ በር ላይ መልሰነዋል ማለት ነው።

እስቲ ለአፍታ ሩቅ እንሂድ፤ አሜሪካ፣ ቤዝቦል። ጨዋታው እዚህ እንደማይታወቅ አውቃለሁ፣ ሕጉንም አልተነትንላችሁም። የማነሳው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ መሰላሉ። በዋናው ሊግ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ ክለብ ከዋናው ቡድን በታች በአራት ደረጃ የተቀመጡ አራት ቡድኖች አሉት፤ በጠቅላላ 120። ወጣቱ ከታች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። አንዱ ደረጃ ከከበደው ወደ ታች ይመለሳል፣ ያስተካክላል፣ እንደገና ይወጣል። የሚያስቀናኝ ደጋፊው ነው። የታችኛውን ቡድን ልጅ በስሙ ያውቀዋል፣ ቁጥሩን በየሳምንቱ ይከታተላል፣ ለዓመታት ይጠብቀዋል።

ማይክ ትራውት የሚባል ተጫዋች አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ19 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ወደ ዋናው ቡድን አሳደገው። በ40 ጨዋታ የመምታት አማካዩ ከመቶ 22 ብቻ ነበር፤ በዚያ ስፖርት ደካማ የሚባል ቁጥር ነው። በእኛ ግሩፕ ቢሆን «ገበሬ» ተብሎ አልቆለታል። በ2012 መጀመሪያም ክለቡ ወደ ታችኛው ቡድን መለሰው። በሚያዝያ መጨረሻ ጠሩት፤ በዚያው ዓመት መራጮቹ ሁሉ ያለ ልዩነት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች አሉት። ከዚያ በኋላ የሊጉን ውድ ተጫዋች ሽልማት ሦስት ጊዜ ወስዷል። ወደ ታች መመለስ ለእሱ ውርደት አልነበረም፤ የመሰላሉ አንድ እርከን ነበር።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ 120 ቡድን አናቆምም። እርከን ግን የለንም ማለት አይደለም። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ከፍተኛ ሊግ አለ፣ ከሱ በታች አንደኛ ሊግ አለ። ከእኛው ከምባታም ሺንሺቾ በከፍተኛ ሊግ ተጫውቷል። ውሰትም በሕግ የተፈቀደ ነው። የጎደለን መሰላሉ ብቻ ሳይሆን መሰላሉን ማክበርም ነው። በፕሪሚየር ሊግ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ዓመት ሙሉ ከሚቀመጥ ልጅ ይልቅ በከፍተኛ ሊግ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ የሚጫወተው ልጅ ነው እያደገ ያለው። እኛ ግን የመጀመሪያውን «ፕሪሚየር ሊግ ነው ያለው» ብለን እናከብረዋለን፣ ሁለተኛውን እንረሳዋለን።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ደግሞ ቅርባችን ነው ያለው። ሎዛ አበራ የተወለደችው ዱራሜ ነው። ከአዲሎ ሩቅ አይደለም። ስለ «የአካባቢያችን ተስፋ» በተወራ ቁጥር የአስር ወንድ ልጆች ስም ይጠራል፤ ከከምባታ ወጥቶ በእግር ኳስ ሩቅ የሄደው ስም ግን የሴት ነው። ለሐዋሳ ከተማ ሁለት ዓመት ተጫውታ የክለቡ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነች። ከዚያ ደደቢት ገብታ ዓመት በዓመት ግብ ስታመርት ቆየች። ማልታ ሄዳ ከቢርኪርካራ ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሳች። ተመልሳ ንግድ ባንክን አጠናከረች። እ.ኤ.አ. በ2020 ቢቢሲ ከዓለም 100 ሴቶች አንዷ ብሎ መረጣት። በ2024 ደግሞ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ላለው ዲሲ ፓወር ፈረመች።

ይህን መንገድ ልብ ብላችሁ እዩት። የ15 ሰከንድ ቪዲዮ አይደለም፤ ከአስር ዓመት በላይ የፈጀ ጉዞ ነው። በየክለቡ በየሳምንቱ ተሰልፋለች፤ ሁሌም ደቂቃ ነበራት። ሌላው ቁም ነገር ደግሞ ይህን ደቂቃ ለማግኘት ከዱራሜ መውጣት ነበረባት። ዛሬ ዱራሜ ወይም አዲሎ ሜዳ ላይ ከወንዶች ጋር ተጋፍታ የምትጫወት የ13 ዓመት ልጅ ብትኖር የመጀመሪያው እርከኗ የት ነው? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠይቀናል? የሴቶች ሊግ ጨዋታ ውጤትስ ግሩፓችን ውስጥ ስንት ጊዜ ተለጥፏል?

አሁን ከባዱን ክፍል ልናገር። «ምናለበት፣ የኳስ ወሬ ነው፣ ለቀልድ ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ለንደን ውስጥ ቢሆን እስማማለሁ። እዚህ ግን ከኳስ የተባረረ ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚያስብ ሁላችንም እናውቃለን። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ በየቤቱ አንድ ቃል አለ፤ ደቡብ አፍሪካ። ለአቡበከር ደቡብ አፍሪካ ማለት ውል ፈርሞ በአውሮፕላን የሚገባበት ነው። ጌታነህ ከበደም ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 ለቢድቬስት ዊትስ ፈርሞ በዚያው በር ገብቷል። ለእኛ ሰፈር ልጅ ግን ደላላ፣ ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ ነው። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ።

እነዚያ ሰዎች በኳስ ምክንያት ሄዱ አላልኩም፤ አይደለምም። ልጆቻችንን የሚያስወጣቸው የመሬት ጥበት ነው፣ ሥራ ማጣት ነው፣ ሄዶ ቤት የሠራ ጎረቤት ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ከዚህ ሁሉ ጋር እየታገለ «እስቲ በኳስ ልሞክር» ብሎ የቆመበትን ክር እኛ በስድብ ስንበጥሰው የምንሠራውን እንወቅ። በአዲሎ ሜዳ ላይ የማውቀው አንድ ግራ እግር ልጅ ነበር። አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቶት 20 ደቂቃ አጫውቶ «እንደውልልሃለን» ብሎ መለሰው። ከተማ ሲመለስ የሰፈሩ ልጆች «ሃያ ደቂቃ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ማሊያውን ሲለብስ «ሃያ ደቂቃ መጣ» ይሉታል። ሜዳ መምጣት ተወ፤ ብዙም ሳይቆይ መንገድ ጀመረ። ዛሬ በሕይወት አለ፤ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ይመስገን። በዚያች ግራ እግሩ 90 ደቂቃ ሙሉ ቢጫወት ምን ይሆን እንደነበር ግን ማንም አያውቅም። የሚያበሳጨኝም ይሄ ነው። ጎበዝ ነበር አልልም፤ ማወቅ አልቻልንም ነው የምለው።

«ታዲያ አንተች? ክለብ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተቹ እንጂ! ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች ትችትን መቻል አለበት። ግን ትችትና ስድብ ይለያያሉ። «ኳሱን ዘግይቶ ነው የሰጠው፣ ክንፉ ነፃ ነበር» ትችት ነው፤ ልጁ ቢያነበው ይማርበታል። «ከዚህ በኋላ ማሊያችንን እንዳይለብስ» ትችት አይደለም። የ30 ዓመቱንና የ18 ዓመቱንም በአንድ ሚዛን አንመዝን። ትልቁን ዛሬ ስለሠራው እንጠይቀው፤ ትንሹን ካለፈው ወር ምን እንዳሻሻለ።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። 900 ደቂቃ። አስር ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው። ሳይንስ አይደለም፤ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ነው። አንድ ወጣት በየትኛውም ሊግ 900 ደቂቃ ሳይሞላ ኮከብ አልለውም፣ አይረባም አልለውም። ስልኬ ላይ ማስታወሻ ከፍቼ የምከታተላቸውን ልጆች ስም፣ የገቡበትንና የወጡበትን ደቂቃ እጽፋለሁ። በስልክ ስንት ሰዓት እንደምንገድል አስቡት፤ ይሄ በጨዋታ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከወራት በኋላ ያያችሁት ልጅና ግሩፑ ውስጥ የሚወራበት ልጅ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ይገባችኋል።

ይህን ለራሳችን ብቻ አናድርገው። ክለቡ በሕዝብ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሕዝብ የመጠየቅ መብት አለው። በየዓመቱ መጨረሻ «ስንተኛ ወጣን?» ብለን ብቻ አንለፍ። ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑ ተጫዋቾች በጠቅላላ ስንት ደቂቃ ተጫወቱ? ከአካባቢው የወጡትስ? በውሰት የተላኩት ልጆች የት ደረሱ፣ የሚከታተላቸው ሰው አለ? ለሴቶች ቡድን ስንት ተመደበ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የደጋፊ ማኅበር በስብሰባ ቢያነሳ፣ እኛም በየፌስቡክ ገጹ አስተያየት መስጫ ላይ በትሕትና ደጋግመን ብንጽፍ፣ መልስ የሚሰጥ ይገኛል። ካልተገኘም መልስ የለሽ መሆኑን አወቅን ማለት ነው።

አሰልጣኙንም እናግዘው። ልጅ አሰልፎ ሲሸነፍ «ቢያንስ ልጁን አጫወተው» የሚሉ አምስት ሰዎች እንኳ ግሩፑ ውስጥ ቢገኙ ለውጥ አለው። ጫጫታ አሰልጣኝን እንደሚያስፈራራ ሁሉ ድፍረትም ይሰጠዋል።

የፊታችን ጨዋታ ላይ አንድ የማታውቁት ልጅ በ70ኛው ደቂቃ ቁጥሩ በቦርዱ ላይ ይወጣል። ይሮጣል፣ ይደነግጣል፣ ምናልባት የመጀመሪያዋን ኳስ ያበላሻል። ያኔ ጣታችሁ ወደ ስቲከሩ ከመሄዱ በፊት ማስታወሻችሁን ክፈቱና ስሙን ጻፉ። ከጎኑ «20 ደቂቃ» በሉ። የቀረውን 880 ጠብቁት።